ለሚወድቅ ጥርስ የብረት ቆብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ቃሊቲ ታልፎ ወደ አቃቂ በሚወረድበት ሰፈር፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ጥጥ የሚፈተልበትና ዱቄት የሚፈጭበት ፋብሪካ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጎን ለጎን የቆመበት ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚኖር ሰው ከሌላው የከተማ ነዋሪ ይልቅ የብረትን ባሕርይ አውቆ ያድጋል። ከዚህ የሚከተለው ምልልስ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። አንደኛው በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ኋላም እንጀራ ፍለጋ ወደ አቃቂ ወርዶ በመለዋወጫ ፋብሪካ በቶርኖ ላይ ጠጉሩን ያሸበተ ሽማግሌ ነው፤ ሁለተኛዋ በዚያው ክፍለ ከተማ የሕፃናትን ጥርስ የምታክም ሐኪም ናት። ሽማግሌው በሐኪም ፊት እሺ ብሎ ከደጅ ሲወጣ ከሚያጉረመርሙት ወገን ስላልሆነ፣ ንግግራቸው ረዘም ያለ ነው፤ እኔም አላሳጠርሁትም።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ የመጣሁት ልጠይቅሽ እንጂ ልወቅስሽ አይደለም። ይህችን የአምስት ዓመት የልጅ ልጄን እናቷ ይዛት መጥታ፣ አንቺም አፏን መርምረሽ የኋለኛዋን የወተት መንጋጋዋን በብረት ቆብ እንሸፍናት ማለትሽን በሰማሁ ጊዜ፣ ነገሩ ከልቤ አልገባ ብሎ አሳደረኝ። እኛ ከአባቶቻችን የተቀበልነው፣ የወተት ጥርስ ኃላፊ መሆኑን፣ ዘመኑ ሲደርስም ተነቃንቆ ወጥቶ ጣራ ላይ እንደሚወረወርና ስፍራውን ለቀዋሚው እንደሚለቅ ነው። ለኃላፊ ነገር ይህን ያህል ድካምና ይህን ያህል ንዋይ ማፍሰስ ምን ይባላል?

ሐኪሟ፦ መውደቁስ ይወድቃል፣ አባባ። ነገር ግን መቼ? ሁለተኛዋ የወተት መንጋጋ የምትበቅለው ሕፃኑ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ሲሆን፣ የምትለቀው ደግሞ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የልጅ ልጅዎ ገና 5 ዓመቷ ስለ ሆነ፣ እህል የምትፈጭበት፣ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል የምትቆጥርበት፣ ሌሊትም ያለ ሕመም መተኛት የሚገባት አምስት ወይም ሰባት ዓመት ከፊቷ አለ። ያን ሁሉ ዘመን በታመመች መንጋጋ ትለፈው የሚል ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ አንድ ሳምንት ይሞክረውና ከዚያ ወዲያ እንነጋገር።

ሽማግሌው፦ መልካም፤ ይህን ተቀብያለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እኔ እናቷን ገሥጫታለሁ። ከሱቅ ከረሜላና ብስኩት እየገዛች በአፏ ስታጎርስባት እያየሁ ስንት ጊዜ ተናገርሁ!

ሐኪሟ፦ ተግሣጽዎን ይመልሱላት። ከረሜላው ክፉ መሆኑን አልክድም፤ የዚህች መንጋጋ ጉዳት ግን ከረሜላ ከመቅመሷ በፊት የተጀመረ ነው። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ነጭ ልባስ ከሰው አካል ሁሉ የጸና ነው፤ በክብደቱ ከመቶ 96 እጅ ያህሉ ማዕድን ነውና። ይህን ልባስ የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ አጥንት ተሰብሮ እንደሚገጥም፣ ቆዳም ቆስሎ እንደሚሽር፣ ኢናሜል ከጎደለ ወዲያ ራሱን አይተካም። የዚህች መንጋጋ ልባስ በእናቷ ማኅፀን ሳለች፣ ፅንሱ አምስተኛ ወሩን በያዘ ጊዜ መጠንከር ይጀምርና ከተወለደች በኋላ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ይፈጸማል። በዚህ መካከል ሕዋሳቱን የሚያውክ ነገር ሲደርስባቸው፣ ልባሱ በመጠኑ ሙሉ ሆኖ በጽናቱ ግን ጎደሎ ይሆናል።

ሽማግሌው፦ የሚያውከውስ ምንድን ነው? በዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚከሰው የአቃቂን ወንዝ ነው። ቆዳ ፋብሪካው፣ ማቅለሚያው፣ የከተማው ጉድፍ ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል፤ በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ሐኪሟ፦ ወንዙ ብዙ የሚከሰስበት ጉዳይ አለው፤ በዚህች መንጋጋ ግን ልከሰው ማስረጃ የለኝም። እስከ ዛሬ ተመርምሮ የተገኘው፣ ምክንያቱ አንድ ብቻ አለመሆኑን፣ በእርግዝናው መጨረሻና በመጀመሪያው ዓመት የሚደርስ ሕመም፣ ብርቱ ትኩሳት፣ ያለ ጊዜ መወለድና በክብደት አንሶ መወለድ ከዚህ ጉዳት ጋር አብረው የሚታዩ መሆናቸውን ነው። እናቷም ነፍሰ ጡር ሳለች ብርቱ ሕመም እንዳገኛት ነግራኛለች። ይህን ስነግርዎ ግን፣ እሷን ከከረሜላው ክስ አውጥቼ ወደ ሌላ ክስ እንዳላገባት እፈራለሁ፤ ሰው ታሞ ነበር ተብሎ አይወቀስምና።

ሽማግሌው፦ እኔ ደግሞ ከወንጂ የመጡ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ቡናማ ነው። ባቡሩ ሲያመጣቸው ገና ከሩቅ ሲስቁ እናውቃቸው ነበር። ይህም እንደዚያ ያለ አይደለምን?

ሐኪሟ፦ ዘመዱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂም ሆነ በሌላው ቆላ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በዚያ አገር ግን ከዚህ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። የፍሎራይዱ ጉዳት ቀኝና ግራውን እኩል፣ ብዙውን ጥርስ በአንድነት የሚይዝና እንደ ደመና የተበተነ ሲሆን፣ የሚበረታውም በቀዋሚዎቹ ጥርሶች ላይ ነው። በልጅ ልጅዎ አፍ ያየሁት ግን ዳርቻው የተለየ፣ በአንድ ወገን ነጭ፣ በሌላው ወገን ቢጫና ቡናማ የሆነ፣ አንዷን መንጋጋ ይዞ ጎረቤቷን የተወ ምልክት ነው። የቡናማው ክፍል ጥግ እህል ስታኝክበት ተቦርሷል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ታለቅሳለች፤ ስለሚያማትም በዚያ ወገን አታኝክም፣ በቡሩሽም ሆነ በመፋቂያ አታስነካም። ያልጸዳ ስፍራ ደግሞ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ከረሜላው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱን አላፈረሰም፣ በፈረሰው በር ግን ገብቷል።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ለምን አይሞላም? እኔም ሁለት ጥርሶቼን አስሞልቻለሁ፤ ይኸው ሃያ ዓመት አለፋቸው።

ሐኪሟ፦ የእርስዎን ሙሌት ይዞ ያቆመው ሙሌቱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ኢናሜል ነው። በዚህች መንጋጋ የተቦረሰውን ጠርጌ ብሞላው፣ የሙሌቱ ዳር የሚያርፈው በደካማው ልባስ ላይ ነው፤ ሙሌቱ ሳይነካ ዳርቻው ይፈረፈራል፣ በስንጥቁም ምራቅና ጀርም ይገባል። ጤነኛው ኢናሜል እስኪገኝ ልቆፍር ብል ደግሞ፣ ከጥርሷ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሽማግሌው፦ ገባኝ፤ ይህስ የኛ ሥራ ነው። ጥርሱ በተበላ ቀዳዳ ላይ አዲስ ብሎን ብታስገቢ፣ ብሎኑ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን የሚይዘው ስለሌለ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ዘንጉን ከውጭ እጅጌ አልብሰን፣ በኃይል ተጭነን እናስገባለን፤ ደካማው አካል እጅጌው ውስጥ ሆኖ ያገለግላል።

ሐኪሟ፦ ከእኔ ይልቅ እርስዎ በደኅና አስረዱት። ቆቡ ከደካማው ልባስ ጋር መጣበቅን አይለምንም፤ ጥርሱን በሙሉ ከብቦ፣ ከድዱ ሥር ጠበብ ካለው አንገቱ ይይዛል።

ሽማግሌው፦ ከዚህ ሁሉ ለምን አይነቀልም?

ሐኪሟ፦ ሲያስፈልግ እነቅላለሁ፤ መግል ከያዘና ድዱ ካበጠ ቆብ አልደፋበትም። ያለዚያ ግን ይህች መንጋጋ ከማኘክ ሌላ ሁለተኛ አገልግሎት አላት። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላዋ የመጀመሪያው ቀዋሚ መንጋጋ ይወጣል፤ ሲወጣም የሚደገፈው በእሷ ጀርባ ነው። ያለ ጊዜዋ ከተነቀለች ያ ታላቁ መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ስፍራዋን ይይዝና፣ ከሥሯ የሚጠብቀው ተተኪ ጥርስ መውጫ አጥቶ ይጣመማል ወይም ታፍኖ ይቀራል። በአገራችን ሕፃናትን ግግ እያሉ በወስፌና በቢላ ድዳቸውን ሲፈነቅሉ የኖሩት ሰዎች ያደረሱት አንዱ ጥፋት ይኸው ነው፤ ትል ነው እያሉ የሚያወጡት ገና ያልጸና የጥርስ ቡቃያ በመሆኑ፣ ከሥሩ ያለው የቀዋሚው ቡቃያም አብሮ ይጎዳ ነበርና።

ሽማግሌው፦ እኔም ወጥቶልኛል። ያወጡልኝ አያቴ ነበሩ፤ ሲያወጡም ይጸልዩ ነበር። እግዚአብሔር ይማራቸው፣ ክፋት አልነበረባቸውም።

ሐኪሟ፦ ያለ ክፋት የሚደረግ ጉዳት ለማስተው ከሁሉ ይከብዳል። ጎጂ ልማድን የሚከለክለው ሕግስ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እኔ ግን ዛሬም ለተቅማጡ ተብሎ ግግ ወጥቶለት ተቅማጡ ያልቆመ ሕፃን አያለሁ።

ሽማግሌው፦ አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ከምን የተሠራ ነው? ትናንት የተገኘ ፈሊጥ ከሆነ፣ የልጅ ልጄ መሞከሪያ እንድትሆን አልፈቅድም።

ሐኪሟ፦ ከእርስዎ ዘመን የመጣ ነው። ሃምፍሪ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ክሮም ብረት ቆብ በሕፃናት ጥርስ ላይ ጽፎ አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ ተሠርቶበታል። ብረቱ የማይዝገው ዓይነት ነው፤ ከመቶ 18 ያህል ክሮሚየም፣ ከዚያም ኒኬል አለበት።

ሽማግሌው፦ አሥራ ስምንት ስምንቱ! እሱንማ ስንቆርጠው ኖረናል። ቢላ የሚጨርስ ክፉ ብረት ነው።

ሐኪሟ፦ ኒኬል ቆዳቸውን የሚቆጣቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ፣ ጉትቻ ጆሮዋን አቁስሏት እንደሆነ እናቷን የጠየቅሁት ስለዚህ ነው። በዱሮው ሥርዓት ቆቡን ለማግባት ድዱን በመርፌ አደንዝዘን፣ ጥርሱን ከላይና ከጎን በመሰርሰሪያ እንሞርደው ነበር። ይህ ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ ጭንቅ ነው፤ ይልቁንም እንዲህ ያለ ደካማ ልባስ ያለው ጥርስ ነርቡ ስለሚቆጣ ማደንዘዣ እንኳ በቅጡ አይዘውም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን ኖርና ሆል የተባሉ አንዲት የስኮትላንድ ሐኪም፣ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ፣ የተበላውንም ሳይጠርጉ፣ ቆቡን በሲሚንቶ ሞልተው በጣት መጫን ጀመሩ፤ የሥራቸውም ውጤት ከመዝገባቸው ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ።

ሽማግሌው፦ ቆይ፣ ቆይ! የተበላውን ሳይጠርጉ? ቁስል ሳይታጠብ ይከደናልን? ይህ ከሕክምና ሥርዓት የወጣ ነገር ነው።

ሐኪሟ፦ ብዙ ሐኪሞችም እንደ እርስዎ ጮኸው ነበር፤ እኔም በተማሪነቴ አላመንሁትም። ነገር ግን ጥርስ የሚበሉት ጀርሞች የሚኖሩት እኛ ከምንበላው ስኳር ነው። ቆቡና ሲሚንቶው አጥብቀው ከዘጓቸው ቀለባቸው ይቋረጣል፤ ነርቡ ገና ጤነኛ ከሆነም ራሱን እየጠበቀ ይኖራል። ነገሩ በክርክር እንዳይቀር በዚያው በስኮትላንድ 17 ሐኪሞች 132 ሕፃናትን ወስደው፣ በእያንዳንዱ ሕፃን አፍ አንዱን መንጋጋ በቆብ፣ ሌላውን በተለመደው ሙሌት አከሙ። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲመረመር፣ በቆቡ ወገን መግል የያዘ ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት ከመቶ 3 ሲሆን፣ በሙሌቱ ወገን ከመቶ 16.5 ነበር። ከሕፃናቱም ከመቶ 77 ያህሉ፣ ከወላጆቻቸው ደግሞ 83 ያህሉ የወደዱት ቆቡን ነው። ይህ ጥናት የተደረገው በተበሉ ጥርሶች ላይ እንጂ እንደዚህች ከፍጥረታቸው በደከሙት ላይ አለመሆኑን ልደብቅዎ አይገባም፤ ለደካማ ልባስ ቆብ ይሻላል የምንለው፣ የሙሌት ዳር እንደማይቆምለት ደጋግመን ስላየንና የአውሮፓ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም ክፉኛ ለተቦረሱት መንጋጋዎች ቆብን ስለሚመክር ነው።

(ሽማግሌው እዚህ ላይ ዝም አለ። ቁጥሩ አሳምኖት ይሁን፣ ወይስ ሐኪሟ የጥናቱን ጉድለት ራሷ መናገሯ፣ ለማወቅ ያስቸግራል፤ እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።)

ሽማግሌው፦ አገባቡን ንገሪኝ።

ሐኪሟ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ዛሬ በመንጋጋዋና ከፊቷ ባለችው ጎረቤቷ መካከል ትንሽ የጎማ ቀለበት አገባለሁ፤ እሱም በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ጥርሶቹን በጥቂቱ ያራርቃቸዋል። ሰኞ ስትመጣ ቀለበቱን አውጥቼ፣ ልጅቱን ቀና አድርጌ አስቀምጬ፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ቆቡን በፕላስተር ይዤ፣ ልኩን እፈልጋለሁ። ልኩ ሲገኝ በሲሚንቶ ሞልቼ እጫነዋለሁ፤ ከዚያም እሷ ራሷ ጥጥ ነክሳ ታስገባዋለች። ድዷ ለጥቂት ጊዜ ነጣ ይላል። የተረፈውን ሲሚንቶ እጠርጋለሁ፤ አለቀ። ጥርሷን ስትገጥም ግን ቆቡ ከፍ ብሎ ስለሚቀድም፣ ሌሎቹ ጥርሶች ወዲያው አይገናኙም።

ሽማግሌው፦ ይህማ የተበላሸ ሥራ ነው! ከፍ ያለ ነገር ገጥሞ ወደ ቤት ይላካልን?

ሐኪሟ፦ በማሽን ቢሆን ልክ ነዎት። የሕፃን ጥርስ ግን በሕያው አጥንት ውስጥ ስለ ቆመ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተስተካከለ ንክሻው ይገጥማል። ሁለት ቀን ያህል ታጉረመርማለች፤ ለስላሳ እንጀራ ስጧት፣ ማስቲካ ግን አይሆንም። ከዓመታት በኋላ ከማኘክ ብዛት አናቱ የሚበሳ ቆብ አለ፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ይደፈናል። ጊዜው ሲደርስም የጥርሷ ሥር ቀስ በቀስ ቀልጦ፣ ከነቆቧ ትወድቃለች።

ሽማግሌው፦ ከነብረቷ ጣራ ላይ ስትወረወር ቆርቆሮው ይጮኻል። ይሁን። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ ሴት ልጅ ናት። ስትስቅ ብረት ከታየ፣ ልጆች ስም ያወጡባታል።

ሐኪሟ፦ ኋለኛው መንጋጋ በፈገግታ አይታይም፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ ግን ይታያል፤ አልዋሽዎም። ነጭ የሆነ ከዚርኮንያ የሚሠራ ቆብም አለ፤ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ጥርሱንም አብዝቶ መሞረድ ይጠይቃል፣ እኛ የሸሸነውም ይህን ነው። በእኔ አስተያየት ውሳኔው የእርስዎም የእኔም አይደለም። ቆቡን አሳይቻታለሁ። ጠየቀችኝ፦ «እንደ አክስቴ ወርቅ ጥርስ ነው?» ብር ነው አልኋት። ደስ አላት።

ሽማግሌው፦ በእኛ ዘመን ወርቅ ጥርስ የክብር ምልክት ነበር። እንግዲህ እሷ ከወደደችው እኔ ምን አገባኝ።

ሐኪሟ፦ ከቆቡ ይበልጥ እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። የዚህች መንጋጋ ልባስ በመጨረሻ ሲጸና፣ ያ በ6 ዓመት የሚወጣው ቀዋሚ መንጋጋ ልባሱን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ የሁለቱ የሥራ ዘመን ይገናኛል። በሆላንድ አገር፣ በሮተርዳም፣ የ6 ዓመት ሕፃናት ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናት፣ ከመቶ 9 ያህሉ እንደዚህች ያለ የወተት መንጋጋ ተገኝቶባቸዋል፤ በእነዚህም ዘንድ ቀዋሚው መንጋጋ እንዲሁ ደክሞ የመውጣቱ ዕድል ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በየሦስት ወሩ አምጡልኝ። ቀዋሚው ገና ድዱን ሲሰነጥቅ ካገኘሁት፣ ፍሎራይድ ቀብቼ፣ ስንጥቆቹን በሲሚንቶ ደፍኜ፣ ሳይቦረስ ልጠብቀው እችላለሁ፤ እሱ ተተኪ የለውምና። እስከዚያም በየቀኑ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና፣ በአተር ፍሬ ልክ አድርጋችሁ፣ ትልቅ ሰው ይቦርሽላት፤ ለብቻዋ አትተዉላት።

ሽማግሌው፦ እኔ እቦርሽላታለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው። አሁን ቆቡን እስቲ ልየው።... ኧረ ይህ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው! ስንት ይሆናል?

ሐኪሟ፦ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ሽማግሌው፦ በቅርጽ ላይ ተስቦ የተሠራ ነው፤ አልተበየደም። ዳሩም ወደ ውስጥ ተቀምሯል። ከየት ነው የምታመጪው?

ሐኪሟ፦ ከውጭ አገር። ሲገኝ በዶላር ነው፤ ሲጠፋም ልኩ ያለቀበትን ሕፃን በቀጠሮ እመልሳለሁ። በአንድ ሣጥን 48 አሉ፤ ለስምንቱ የወተት መንጋጋ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ልክ።

ሽማግሌው፦ ይህን አቃቂ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ቆርቆሮውን ማስመጣት ነው እንጂ ቅርጹን የሚቀርጹ ልጆች አሁንም አሉ፤ እኔ ያስተማርኋቸው።

ሐኪሟ፦ አባባ፣ ለአፍ የሚሆን ብረት ለማሽን እንደሚሆነው አይደለም። የብረቱ ጥራት ተመርምሮ፣ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ በንጽሕና ተዘጋጅቶ...

ሽማግሌው፦ እሱን ለሚያውቁት እንተዋለን። እኔ ልኩን ብቻ ልውሰድ። አንዱን ስጪኝ፤ እመልሰዋለሁ።

ሐኪሟ፦ አልሰጥም። አንዱ ሲጎድል የማን ልጅ መንጋጋ ሳይሸፈን እንደሚቀር አላውቅም። ለመለካት ከሆነ ግን ሰኞ ሲመጡ እዚሁ ተቀምጠው ይለኩት።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው ሰኞ ካሊፐሬን ይዤ እመጣለሁ። ስድስቱንም ልክ አውጥተሽ ጠብቂኝ።